ፈረንሳይኛውን ብወድቅ ጡረታዬ ይነካል?

ጥያቄ፦ «ኦታዋ የምኖር የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነኝ። 58 ዓመት ሞልቶኛል። ካናዳ የገባሁት በ35 ዓመቴ ነው፤ መንግሥት ቤት የተቀጠርኩት በፈረንጆቹ 2010። ደመወዜ 82,000 ዶላር ነው። አሁን 94,000 የሚከፈልበት የሱፐርቫይዘር ቦታ ቀርቦልኛል፤ ግን ቦታው ሲ-ቢ-ሲ ፈረንሳይኛ ይጠይቃል። እኔ ያለኝ ከ4 ዓመት በፊት ያመጣሁት ቢ-ቢ-ቢ ነው። ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ሁለት ምርጫ ሰጥቶኛል። አንደኛው በ2 ዓመት ውስጥ ቋንቋውን አሟላለሁ ብዬ መፈረም ነው። ሁለተኛው በ2 ዓመት ውስጥ ጡረታ እወጣለሁ ብዬ ፈርሜ ከፈተናው ነፃ መሆን። ጓደኞቼ ‹ሁለተኛውን ፈርሚና ተገላገይ› ይሉኛል። ፈተናውን ብወድቅ ጡረታዬ ይነካል? የቋንቋ አበሉ 800 ዶላር ጡረታ ውስጥ ይታሰባል? ሱፐርቫይዘር የሆነ ባልደረባዬ በቢ-ቢ-ቢ ተቀምጦ ለምን እኔ ሲ እጠየቃለሁ? ኢትዮጵያ ያስተማርኩት 9 ዓመትስ ይደመርልኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎት። ፈተናውን መውደቅ ጡረታዎን አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። ጡረታዎን ሊጎዳ የሚችለው ያ ሁለተኛው ወረቀት ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፈረምዎ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

በዚህ ጉዳይ ሠራተኞችን ሳማክር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከአበሻ ሠራተኞች የምሰማው ስጋት ሁልጊዜ ያው ነው። «ፈረንሳይኛ ከወደቅኩ ያስወጡኛል፣ የከፈልኩት መዋጮም ውኃ ይበላዋል» ይላሉ። ስጋቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ያደግነው አንድ ፈተና የሰውን ዕድሜ በሚወስንበት አገር ነው። ማትሪክ የወደቀ ልጅ በሰፈሩ እንዴት አንገቱን ደፍቶ እንደሚሄድ አይተናል። እዚህ ግን ጡረታውና ፈተናው በሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው የሚተዳደሩት። የጡረታው ሕግ የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ዕድሜዎን፣ ያገለገሉበትን ዘመንና ደመወዝዎን። የፈተና ውጤት የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለውም። 2 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ጡረታው የእርስዎ መብት ሆኗል። እርስዎ ደግሞ 16 ዓመት ሆኖዎታል።

ፈተናው ጡረታን የሚነካው በጓሮ በር ነው፤ በደመወዝ በኩል። ቋንቋው የተሻለ ቦታ ይከፍታል፣ ቦታው ደመወዝ ያሳድጋል፣ ደመወዙ ጡረታውን ያሳድጋል። የእርስዎም ጉዳይ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሲ-ቢ-ሲ የሚባለው ምን እንደሆነ ልበል፤ ሌሎችም አንባቢዎች ስላሉ። የመንግሥት ሥራ መደቦች እያንዳንዳቸው የቋንቋ ደረጃ አላቸው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጠይቅ አለ፣ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚጠይቅ አለ፣ ከሁለቱ አንዱ የሚበቃው አለ፣ ሁለቱንም የሚጠይቅ አለ። ሁለቱንም ለሚጠይቀው መደብ በሁለተኛ ቋንቋዎ ይፈተናሉ። ሦስቱ ፊደላት በተራቸው ንባብ፣ ጽሑፍና ንግግር ናቸው። ኤ ዝቅተኛው ነው፣ ቢ መካከለኛው፣ ሲ ከፍተኛው። ከሲ በላይ የሆነ ሰው ኢ ያገኛል፤ በዚያ ክፍል ዳግመኛ አይፈተንም። ስለዚህ ሲ-ቢ-ሲ ማለት ንባብ ሲ፣ ጽሑፍ ቢ፣ ንግግር ሲ ነው። እርስዎ ጽሑፉን አልፈዋል ማለት ነው። የቀረዎት ንባብና ንግግር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። የአፍ መፍቻ ቋንቋችን አማርኛ ስለሆነ ሁለቱም የካናዳ ቋንቋዎች ለእኛ ባዕድ ናቸው። ሕጉ የሚጠይቀው ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ የራስዎ እንደሆነ ነው፤ ያንን እንደ አንደኛ ይወስድና በሌላው ይፈትንዎታል። አብዛኞቻችን እንግሊዝኛ እንላለን። ነገር ግን አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም የተማረ ወይም ጂቡቲ ያደገ ሰው ፈረንሳይኛ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሆንለታል። ይህን ሳያውቁ በፈረንሳይኛ የተፈተኑና በከንቱ የተጨነቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ባልደረባዎ በቢ-ቢ-ቢ የተቀመጠበት ምክንያት ቀላል ነው። የቋንቋ ሕጉ በ2023 ተሻሽሏል። እሱን ተከትሎ ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ እንደ ኦታዋ ባሉ የሁለት ቋንቋ አካባቢዎች የሱፐርቫይዘርነት ዝቅተኛው ደረጃ ከቢ-ቢ-ቢ ወደ ሲ-ቢ-ሲ ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት በቦታው የነበረ ሰው እዚያው ቦታ ላይ እስካለ ድረስ መብቱ ተጠብቆለታል። ወደ ሌላ የሱፐርቫይዘር ቦታ ልዛወር ካለ እሱም እንደ እርስዎ ሲ ይጠየቃል። አድልዎ ተደርጎብዎት አይደለም፤ የቀኑ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ወረቀቶች እንምጣ።

ሁለት ቋንቋ የሚጠይቅ መደብ በሁለት መንገድ ይሞላል። በአንደኛው መንገድ ቋንቋውን በቅጥሩ ቀን ያላሟላ ሰው አይታሰብም፣ በቃ። በሌላው መንገድ መሥሪያ ቤቱ ለተመረጠው ሰው ጊዜ ይሰጣል። ለእርስዎ የቀረበው ይህ ጊዜ የሚሰጠው መንገድ ነው። ይህ መንገድ እንዲከፈት የሚወስነው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ አለቃዎ በእርስዎ ላይ እምነት አላቸው ማለት ነው፤ ይህን ልብ ይበሉ።

በመጀመሪያው ወረቀት በ2 ዓመት ውስጥ ደረጃውን ለማሟላት ይስማማሉ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የቋንቋ ትምህርት ይሰጥዎታል። ጊዜው በተወሰኑ ምክንያቶች ሊራዘም ይችላል። እስከዚያው ቦታውን ይይዛሉ፣ 94,000ውንም ያገኛሉ። ካልተሳካስ? መሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ደረጃና ተመሳሳይ ደመወዝ ወዳለው፣ ቋንቋውን ወደሚያሟሉበት ሌላ ቦታ ያዛውርዎታል። ከሥራ አይባረሩም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ገደል እዚህ ጋ የለም። እውነት ነው፣ የለመዱትን ቡድን ትተው መሄድ ቅር ያሰኛል። ለጡረታ ስሌት ግን የሚቆጠረው ደመወዙ ስለሆነ ያገኙትን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛው ወረቀት የተጻፈው ጡረታው ለደረሰ ሰው ነው። ከሹመቱ ቀን በተቆጠረ 2 ዓመት ውስጥ ሙሉ ጡረታ የማግኘት መብት የሚደርሰው ሰው፣ ጊዜው ሲያበቃ እለቃለሁ ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ የቋንቋ ግዴታው ይነሳለታል። እርስዎ ከ2013 በፊት ስለተቀጠሩ በ60 ዓመትዎ ሙሉ ጡረታ ይገባዎታል፤ ስለዚህ መስፈርቱን ያሟላሉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ወዲህ የጡረታው አባል ለሆኑ ሰዎች ግን ዕድሜው 65 ነው። ያኛው ሰው 58 ዓመት ቢሆነው ይህ ወረቀት አይቀርብለትም።

የወረቀቱ ክብደት ያለው አንድ ቃል ላይ ነው፦ የማይሻር። ከፈረሙ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» የሚባል ነገር የለም። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ሰው ይህንን ወረቀት ፈርሞ ነው የመጣው፤ ከመፈረሙ በፊት አልነበረም የመጣው። ያኔ 58 ዓመቱ ነበር፣ ጤነኛ ነበር። ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ የመጨረሻ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሦስት ዓመት ብቻ ጨምሬ ልሥራ አለ። አልተቻለም። ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የነበረው ሐዘን እስካሁን ይሰማኛል። ፈረንሳይኛውን ፈርቶ ነበር እንጂ ሥራውን መተው አልፈለገም።

ጓደኞችዎ «ተገላገይ» የሚሉት በቅንነት ነው፤ ግን አንድ ነገር አላዩም። የመጀመሪያውን ወረቀት ፈርመውም እኮ በ60 ዓመትዎ ጡረታ መውጣት ይችላሉ! የሚከለክልዎት የለም። በ60 መውጣት መብትዎ ነው፤ ፊርማ አይጠይቅም። ልዩነቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ወረቀት በ60 መውጣትም መቆየትም በእጅዎ ነው። በሁለተኛው መውጣት ብቻ ነው ያለዎት። ለዚያ የሚከፈልዎት ዋጋ ደግሞ የ2 ዓመት ጥናት መቅረት ብቻ ነው። ዋጋው አነሰ እላለሁ።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የዚህ ጡረታ ቀመር ለያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 2 በመቶ ነው፤ እስከ 35 ዓመት ድረስ ይቆጠራል። ይህ የሚባዛው ደመወዝዎ ከፍ ባለባቸው ተከታታይ 5 ዓመታት አማካይ ነው። የግድ የመጨረሻዎቹ 5 ዓመታት መሆን የለባቸውም፤ ለብዙ ሰው ግን እነሱ ናቸው። ሒሳቡ እንዲቀል ደመወዝዎ ባለበት ይቆማል ብለን እናስብ። በ60 ዓመትዎ 18 ዓመት አገልግለው ይሆናል፤ ይህ 36 በመቶ ነው። በ63 ዓመትዎ 21 ዓመት ይሆናል፤ 42 በመቶ።

አዲሱን ቦታ ባይወስዱና በ60 ቢወጡ፣ የ82,000 36 በመቶ 29,520 ዶላር በዓመት ነው።

አዲሱን ቦታ ወስደው፣ ሁለተኛውን ወረቀት ፈርመው በ60 ቢወጡ፣ ከ5ቱ ዓመታት 2ቱ በ94,000 ይሆናሉ። አማካዩ 86,800 ይመጣል። 36 በመቶው 31,248 ነው። የዕድገቱ ጥቅም በዓመት 1,728 ዶላር፣ በወር 144 ዶላር መሆኑ ነው።

አሁን ይህንን ይመልከቱ። ዕድገቱን ጭራሽ ትተው፣ አሁን ባሉበት ቦታ በ82,000 እስከ 63 ዓመትዎ ቢሠሩ ጡረታዎ 34,440 ይሆናል። አለቃ ሆነው በ60 ከሚወጡት ይልቅ፣ ያለ ዕድገት 3 ዓመት የጨመሩት በዓመት 3,192 ዶላር ይበልጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል፤ ዕድገት ሁልጊዜ ከጊዜ የሚበልጥ ይመስላቸዋልና።

አዲሱን ቦታ ወስደው፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ፈርመው፣ እስከ 63 ቢቆዩ ደግሞ 5ቱም ዓመታት በ94,000 ይሆናሉ። 42 በመቶው 39,480 ነው። ከሁለተኛው ወረቀት ጋር ሲነጻጸር በዓመት 8,232 ዶላር፣ በወር 686 ዶላር ይበልጣል። ይህ ገንዘብ ዕድሜ ልክ ነው። በየጃንዋሪውም ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ ያድጋል። በነዚያ 3 ዓመታት የሚያገኙትን ሙሉ ደመወዝ ገና አልቆጠርኩም።

ልብ ይበሉ፣ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ፈተናውን ማለፍን አይጠይቅም። ወድቀውም ወደ ተመሳሳይ ቦታ ቢዛወሩ ደመወዙ ያው ነው፣ ስሌቱም ያው ነው። እርግጥ ይህን ብዬ ያለ ሐሳብ ፈርመው እንዲቀመጡ አልመክርዎትም። ወረቀቱ ቃል ኪዳን ነው። የሚፈርሙት ከልብ ለመሞከር ካሰቡ ብቻ ይሁን። ከእርስዎ በታች የሚሠራ ፈረንሳይኛ ተናጋሪም በራሱ ቋንቋ ከአለቃው ጋር የመነጋገር መብት አለው። የኛ ሰው በባዕድ ቋንቋ ለአለቃ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ስለዚህ የዚህ ሕግ ትርጉም ከማንም በላይ ሊገባን ይገባል።

ሁለተኛው ወረቀት የሚጠቅመው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ጤናው የታወከ፣ የታመመ ሰው የሚያስታምም፣ ወይም በ60 ዓመቴ እወጣለሁ ብሎ ቆርጦ የተነሳና ለትምህርት ጊዜም ጉልበትም የሌለው ሰው ይኖራል። ለእሱ መልካም ነው። በሕመም ምክንያት ቋንቋ መማር ለማይችል ሰው ደግሞ ሕጉ ሌላ የተለየ መንገድ አለው፤ ጡረታን ማስያዝ አያስፈልገውም። እርስዎ ግን በጥያቄዎ ውስጥ መውጣት እፈልጋለሁ የሚል አንድም ቃል አልጻፉም። የጻፉት ሁሉ ስለ ፈተናው ነው።

ስለ 800 ዶላሩ። አዎ፣ ጡረታ ውስጥ ይታሰባል። የሁለት ቋንቋ አበሉ ለብዙ ነገር እንደ ደመወዝ አይቆጠርም፤ ለጡረታ ግን ይቆጠራል፣ መዋጮም ይቆረጥበታል። መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ከ1977 ጀምሮ ያው 800 ዶላር በዓመት ነው፤ በወር 66 ዶላር ከ67 ሳንቲም፣ ያውም ታክስ ተቆርጦበት። 5ቱን ዓመታት ሙሉ ቢያገኙትና በ63 ቢወጡ፣ በጡረታዎ ላይ የሚጨምረው በዓመት 336 ዶላር ነው፤ በወር 28። ደግሞም አበሉ የሚከፈለው ደረጃውን በፈተና ካረጋገጡ በኋላ ነው። ወረቀት ፈርመው ገና ባላሟሉበት ጊዜ አይከፈልም። ውሳኔዎን በ800 ዶላር ላይ አይመሥርቱ።

ስለ ስሌቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ከላይ የጻፍኩት ቁጥር እስከ 65 ዓመት ያለው ነው። 65 ሲሞላዎት የመንግሥቱ ጡረታ ዝቅ ይላል። በዚያ ዕድሜ ሲፒፒ የሚባለው አጠቃላይ ጡረታ ስለሚጀምር፣ እስከዚያ ድረስ እንደ ድልድይ የተጨመረልዎት ክፍል ይነሳል። ድልድዩ ለያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 0.625 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም በሲፒፒ የደመወዝ ጣሪያ አማካይ ላይ ነው። ጣሪያው በ2025 71,300 ዶላር ነበር። አማካዩን 70,000 ብንለው፣ 21 ዓመት ላገለገለ ሰው ወደ 9,190 ዶላር ገደማ በዓመት ይነሳል ማለት ነው። ስለዚህ 39,480 የነበረው ወደ 30,290 ይወርዳል፣ ጎኑ ላይ ሲፒፒው ይመጣል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ሲፒፒን በ60 መጀመር ይቻላል። ከ65 በፊት ለሚወሰድበት ለያንዳንዱ ወር ግን 0.6 በመቶ ይቀነሳል። በ60 የጀመረ ሰው 36 በመቶ አጥቷል፣ ለዘለቄታው። ድልድዩ እንደሆነ 65 ሲሞላ ይነሳል። በ60 ጡረታ ወጥቶ ሲፒፒውንም በ60 የጀመረ ሰው 5 ዓመት ደልቶት ይኖራል። ከዚያ በ65ኛ ልደቱ ማግሥት ገቢው በአንድ ጊዜ ሲያሽቆለቁል ደንግጦ ስልክ ይደውላል። እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ተቀብያለሁ። እባክዎ እርስዎ ከነሱ አንዷ አይሁኑ።

አሁን ስለ ፈተናው ራሱ። በ58 ዓመት ቋንቋ አይገባኝም ብለው እንዳይፈሩ። ቢ ንግግር ያመጣ ሰው መሠረቱ አለው። ቢ ማለት ስለ ሥራው በተጨባጭ ማውራት፣ ያለፈ ነገር መተረክ፣ ቀላል ነገር ማስረዳት ይችላል ማለት ነው። ሲ የሚጠይቀው ከዚያ አንድ እርምጃ ከፍ ያለውን ነው፦ ሐሳብን መደገፍ፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማሰብ፣ አከራካሪ ነገር ላይ አቋም ይዞ ማስረዳት። ፈታኙ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምርና «በዚህ አሠራር ላይ እርስዎ ኃላፊ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይለውጡ ነበር?» ወደሚለው ያመጣዎታል።

ሰዎቻችን የሚሸነፉት በአብዛኛው በዚያች «ቢሆን ኖሮ» ላይ ነው። የሚያስቀው ግን አማርኛችን እሷን ጥርት አድርጎ ይይዛታል። «አውቄ ቢሆን ኖሮ እነግርህ ነበር» ስንል ሁለቱን ግሦች በትክክል አያይዘናቸዋል። ፈረንሳይኛውም ሁለት ግሥ አያይዞ ነው የሚሠራው። በእንግሊዝኛ አስበው ከሚተረጉሙ ይልቅ በአማርኛ አስበው ቢሞክሩት እጅ ይሰጣል። ድምፁም ላይ ብልጫ አለን። የፈረንሳይኛው ዥ እና ኝ ለእኛ የቤታችን ድምፆች ናቸው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባልደረቦችዎ ኝ ለማለት ሲቸገሩ ያያሉ። ያቺ «ኡ» እና «ኢ» የተዳቀሉባት ድምፅ ብቻ ናት የምታስቸግረን። ከንፈርዎን ኡ እንደሚሉ አሹለው ኢ ይበሉ፤ ትወጣለች። ደግሞም ለገሃር የሚለው ቃል ራሱ የባቡር ጣቢያው የፈረንሳይኛ ስም መሆኑን ያስታውሱ። አያቶቻችን በጆሯቸው ብቻ የለመዱት ቋንቋ ነው።

የኔ ምክር እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ በሥራ ሰዓት የሚሰጠውን ትምህርት ሰዓቱን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎት ይጠይቁ። «ጊዜ ሲገኝ» የሚል ቃል አይቀበሉ፤ ሱፐርቫይዘር ከሆኑ በኋላ ጊዜ አይገኝም። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ስብሰባ በፈረንሳይኛ ይቀመጡ፣ ባይናገሩም። ቤት ውስጥ ሞሪል የተባለውን ነፃ አፕ ይጠቀሙ፤ በካናዳ ብሮድካስቲንግ ፕሮግራሞች የተሠራ ስለሆነ የዚህን አገር ፈረንሳይኛ ያስለምዳል። ንባቡን አስቀድመው ይፈተኑ፤ ሲ ለማምጣት ከንግግሩ ይልቅ ይቀላል፣ ሲያልፉትም ልብ ይሰጣል። ንግግሩን ለመጨረሻ ይተዉት።

ስለ ውጤት ዘመንም ልንገርዎት። የፈተና ውጤት ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። የእርስዎ ጽሑፍ ቢ የቀረው አንድ ዓመት ነው። ቢያልፍበት እንደገና መፈተን ይኖርብዎታል፤ ስለዚህ ንባብና ንግግሩን ከዚያ በፊት ለመጨረስ ይሞክሩ፣ ሦስቱም ባንድነት የጸና ውጤት ይሁኑልዎት። አንዴ ደረጃውን ካሟሉ በኋላ ግን በዚያው ቦታ ላይ እስካሉና የቦታው ደረጃ እስካልተለወጠ ድረስ 5 ዓመት አለፈ ተብሎ ከቦታዎ አይነሱም። በ59 ዓመትዎ ቢያልፉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ወረቀት በእጅዎ ይግባ። አንዱ ከኤችአር ነው፦ የስምምነቱ ሙሉ ቃል፣ ካልተሳካ ወደ ምን ደረጃ እንደሚዛወሩ የሚገልጽ። ሌላው ኒው ብራንስዊክ፣ ሸዲያክ ከተማ ካለው የፌዴራል ጡረታ ማዕከል ነው፦ በ60፣ በ63 እና በ65 ቢወጡ የሚያገኙት ግምት። ያለ ክፍያ ይሠሩልዎታል። የኔ ስሌት መንገዱን ለማሳየት ነው፤ የእርስዎ ትክክለኛ ቁጥር የነሱ ነው። የጡረተኛ የጤና መድን ጉዳይ አያሳስብዎት፤ 6 ዓመት አገልግሎት ነው የሚጠይቀው፣ እርስዎ ካለፉት ቆይተዋል።

የቀሩትን በአጭሩ። ኢትዮጵያ ያስተማሩት 9 ዓመት በካናዳው ጡረታ ላይ አይደመርም። በሁለቱ አገሮች መካከል የጡረታ ስምምነት የለም። የኢትዮጵያው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታም በበኩሉ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። 9 ዓመትዎ ለዚያ እንደማይበቃ ሳስብ እኔም ያሳዝነኛል።

ኦኤኤስ የተባለው የአረጋውያን ጡረታ ግን ሥራን አይቆጥርም፣ ኑሮን ነው የሚቆጥረው። ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ ካናዳ ውስጥ 40 ዓመት የኖረ ሙሉውን ያገኛል። እርስዎ በ65 ዓመትዎ 30 ዓመት ይሞላዎታል፤ ሦስት አራተኛውን ያገኛሉ። ከ20 ዓመት በላይ ስለኖሩ አዲስ አበባ ተመልሰው ቢኖሩም ይላክልዎታል። የመንግሥቱ ጡረታና ሲፒፒውም እንዲሁ የትም ይከተሉዎታል። ለዝቅተኛ ገቢ የሚጨመረው ድጎማ ብቻ ከካናዳ ከወጡ 6 ወር ሲያልፍ ይቆማል።

መልሱን መቼ እንደሚፈልጉ አልነገሩኝም። ኤችአር የሰጠዎት ቀነ ገደብ ቅርብ ከሆነ የጡረታ ማዕከሉ ግምት እስኪደርስ ጥቂት ቀን እንዲጨምሩልዎት በኢሜይል ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቀየምዎትም።